ልጄ አስነሳት

በአማርኛ «ልጄ» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። የሚያሳብቀው ግሱ ነው። «ልጄ አስነሳት» ካላችሁ ወንድ ነው፤ «ልጄ አስነሳቻት» ካላችሁ ሴት ናት። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ቻ» ብቻ ናት። እኔ ያቺን «ቻ» ከአባቴ አፍ ለመስማት ከሃያ ዓመት በላይ ጠበቅሁ። ምን ልበላችሁ፣ መጨረሻ ላይ መጣችልኝ። አመጣጧን ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

መኪናችን ሰማያዊ ነበረች። ትንሽዬ፣ የጣሊያን ሥራ፣ አባቴ እኔ ሳልወለድ ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ከሚያስር ፈረንጅ ላይ የገዛት። ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቀው የቀበሌ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ለራሷ በተሠራላት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ትኖር ነበር። «ትኖር ነበር» ያልኩት ወድጄ አይደለም። የኛ ሁለት ክፍሎች ክረምት በመጣ ቁጥር ሲያፈሱ የሷ ቆርቆሮ አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። አባቴ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ጋራዥ ማስገባት አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ ጋራዡ ግቢያችን፣ ሐኪሟም እሱ ራሱ ሆነ።

ደግሞም ያውቅበት ነበር። የቤንዚኑ ታንከር ሲያንጠባጥብ የልብስ ሳሙና አለስልሶ ይደፍነዋል፤ ጎረቤት ይስቃል፣ ሳሙናው ግን ወር ይቆያል። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ሲወጣ የፈላ ውሃ ያፈስበትና እንደገና ያጠብቀዋል። ሞተሩ ያልለመደውን ድምፅ ሲያሰማ ደግሞ ከአያቴ የወረሰውን መቋሚያ ከግድግዳው ያወርዳል። አዎ፣ የማሕሌቱን መቋሚያ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ መደገፊያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴ በር ላይ ቆማ ታማትባለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አባትህ እኮ ቆመውበት ያደሩበት ነው!»

«እሳቸውም የቆሙበት ለመስማት ነው፣ እኔም ለመስማት ነው» ይላታል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ መኪና ከደጅ እየጠፋ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ፣ አባቴ በየማታው ኮፈኑን ከፍቶ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያነሳና ከሥሩ የምትሽከረከረውን፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጥቁር ፕላስቲክ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ያለሷ መኪናዋ ብትጮህ እንጂ አትነሳም። «ልቧ» ይላት ነበር። «ልቧን ኪሴ ካደረግሁ ማንም አይወስዳትም» ብሎ ትራሱ ሥር አድርጓት ይተኛል። ዘመኑ ከተረጋጋም በኋላ ወንድሜና እኔ «ልቧስ?» እያልን እናስቀው ነበር።

አባቴ ሙያውን ማውረስ የፈለገው ለወንድሜ ነው። ወንድሜ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ደግ፣ ተጫዋች፣ እጁ ግን ምንም አይጨብጥም። አባቴ መኪናዋ ሥር ገብቶ «አየህ፣ ይሄ ነው» ሲለው እሱ አንጋጦ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ያሉትን ርግቦች ይቆጥራል። የኔ ሥራ ባትሪ መያዝ ነበር። ማለቴ የሚበራውን ባትሪ። ሕፃን ሆኜ አንድ ቀን አባቴ ከሥር ሆኖ «ባትሪውን አንሺልኝ» ቢለኝ፣ የእጅ ባትሪውን መሬት አስቀምጬ የመኪናዋን ባትሪ ካልነቀልኩ ብዬ ስታገል ተገኝቻለሁ። እሱ በጨለማ ተኝቶ ይጣራል፣ እኔ ከላይ አምጣለሁ። ያን ቀን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብርሃን የሚይዝ ሰው ግን ብርሃኑ ያረፈበትን ሁሉ ያያል። ሰባት ዓመት ያህል እንዲሁ ሳይ ኖርኩ።

አንድ ቀን መቋሚያውን ለወንድሜ ሰጠው።

«ሰማህ?»

«አዎ።»

«ምን አለህ?»

«ድምፅ አለው።»

እኔ ሳልጠየቅ ተቀበልኩትና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንዲት ሌላ፣ ጥርስ የምታፋጭ የምትመስል ቀጭን ድምፅ ነበረች። «በችንጋው፣ በጎማ ቀበቶው በኩል፣ የሚዞረው ነገር ደርቋል፤ ኩሽኔታው መሰለኝ» አልኩ። አባቴ ተመለከተኝ። «እህ» አለ። በሳምንቱ ኩሽኔታውን ቀየረው።

የዚያች «ቻ» ነገር የተጀመረው አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ በአንድ የሐምሌ ጠዋት ነው። እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ቁልፉን ያዞራል፤ ሰማያዊቷ ታጓራለች እንጂ አትነሳም። ደጋግሞ ሲሞክር ቤንዚኑ ሸተተን። «በቃ፣ በስፒንታ ነው» አለና ገፊ ሊለምን ወደ መንገድ ወጣ። እናቴ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ከወረደች ቀጠሮው የሚያመልጣት ይመስላታል።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። መኪናዋን ውሃ እንዳልነካት አውቃለሁ፤ እርጥበት ግን በቆርቆሮ አይከለከልም። ኮፈኑን ከፈትኩ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሳሁት። ውስጡ እንደ ሰው ግንባር አልቦታል። በቀሚሴ ገበር ጠረግሁት። ውስጡ ያሉት የነሐስ ጥርሶች ጠቁረው ስለነበር የክብሪት ቀፎ አምጥቼ ክብሪት በሚጫርበት ጎኑ አንድ በአንድ ፈተግኋቸው። ልቧንም ጠርጌ መለስኳት። ከዚያ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ።

በአንድ ጊዜ ተነሳች። እናቴ ከኋላዬ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች።

አባቴ ሦስት ሰው ይዞ ሲገባ ሞተሩ እየዘፈነ ነው። ከሦስቱ አንዱ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ ወታደር ነበሩ፤ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ ያለ የሚመስል።

«አንተ ሰውዬ! ለዚህ ነው ከቁርሴ ያስነሳኸኝ? ማን አስነሳት?»

አባቴ እኔን አየ። እጄ እስከ አንጓዬ ጠቁሯል፤ የክብሪት ቀፎውን ይዣለሁ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቤቱ በር ዞረ። ወንድሜ መፋቂያ በአፉ ይዞ፣ ፀጉሩ እንደቆመ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ እየወጣ ነበር።

«ልጄ አስነሳት» አለ አባቴ።

ወታደሩ ሁለት እርምጃ ሄደው የወንድሜን ጀርባ በመዳፋቸው ነረቱት። «ጎበዝ! እንዲህ ነው ልጅ!» ወንድሜ መፋቂያውን ሊውጠው ደረሰ። «እ?» አለ፤ ሁሉም ሲስቅለት እሱም ሳቀ። እናቴ ከመኪናው ውስጥ «እኔ እኮ ያየሁት...» ብላ ጀመረች። አባቴ አያት። ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች።

እኔ «ቻ»ዋን ጠበቅሁ። አሁን ያርመዋል፣ አሁን አፌን አሳተኝ ይላል ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ። መኪናዋ ወጥታ ሄደች።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ አባቴ ነጭ ጋዝ በቆርቆሮ ክዳን ቀድቶ፣ ጨርቅ ይዞ መጣና ደረጃው ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። እጄን ተቀብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጥብ ጀመር። ጥፍሬ ሥር ያለውን በክብሪት እንጨት አወጣው። ለሽታው ደግሞ ሎሚ ጨመቀበት።

«አባዬ፣ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ምን አልኩ?»

«አስነሳት አልክ።»

«ታዲያ አልተነሳችም?»

ሌላኛውን እጄን ተቀበለኝ።

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እናቴ። ሴት ልጅ ኮፈን ውስጥ ገብታ ዋለች ከተባለ የዚህ ሰፈር አፍ አይዘጋም። ነገ የሚያገባሽ ሰው ምን ይላል?»

ያን ቀን ያጠበኝ አስተጣጠብ፣ የጣቶቹ ልስላሴ፣ እንዲያው ዛሬም ሳስበው ዓይኔ ይሞላል። ፍቅር ነው ብዬ ተቀበልኩት። ማስረጃ እያጠፋ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ሰማያዊቷ ስትታመም በሩ ይዘጋል፣ እኔ እሠራለሁ፣ አባቴ ያጥበኛል፣ ወንድሜ ይመሰገናል። የወንድሜ ስም ከኛ ሰፈር አልፎ ሄደ። ሰዎች መኪናቸውን አምጥተው በራችን ላይ ያቆሙ ጀመር። እሱ ኮስተር ብሎ ይወጣል፣ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «አንዴ ጠብቁኝ፣ መጣሁ» ብሎ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

«እህቴ፣ ገላግዪኝ! ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል።»

«ሲሄድ ነው ወይስ ቆሞ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሂድና ጠይቃ!»

«እንዴት ነው የምጠይቀው? ፕሮፌሽናል ነኝ እኮ!»

እንስቅ ነበር፤ አልዋሽም። ወንድሜን መጥላት ከባድ ነው። ይመለስና «ሲታጠፍ ብቻ ነው» ይለኛል፤ እኔም የቱን ቡሎን እንደሚያጠብቅ እነግረዋለሁ፤ እሱም ወጥቶ፣ አጥብቆ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ ይገባል። ስቄ ስጨርስ ግን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቀር ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ያለው አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጣ። ሻይ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ።

«ልጅህ እጁ ልዩ ነው አሉኝ» አለው ለአባቴ። «እኔ ዲፕሎማ አልፈልግም። የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ነው የምፈልገው። ወስጄ ላሠራው።»

የሚሰማ ጆሮ። ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ስኳሩን ያማስላል። ወንድሜ ወለሉን ያያል። በሕይወቴ የምፈልገውን ነገር ያን ያህል ቅርብ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከኔ እስከ አባቴ ወንበር ሦስት እርምጃ አይሆንም። «ትሠራለች» ቢል ያበቃ ነበር።

«አዎ፣ ይሠራል» አለ አባቴ።

ሰውየው ሻዩን ሲያነሳ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቺስ ምን ትሠራለች?»

«እሷ የቤት ልጅ ናት።»

ወንድሜ በነጋታው ሥራ ገባ። መፍቻ መያዝ እንደማይችል ለማወቅ ጋራዡ ብዙ አልፈጀበትም፤ ግን ደንበኛ ማነጋገር ይችልበታል፣ እናም ፊት ለፊት ጠረጴዛ ሰጡት። እዚያ አደገ። እኔ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ሆንኩ። ለሁለት ዓመት ያህል በካፌው ስልክ ይደውልልኝ ነበር።

«እህቴ፣ ስትነሳ ታስነጥሳለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል።»

«ቆይ፣ ሁለት ማኪያቶ ልዘዝ... እሳት የሚጭሩትን፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው ይዩዋቸው በላቸው።»

«በቃ ነፍስ ነሽ!»

በኋላ መደወሉን ተወ፤ እሱም ለምዷል መሰለኝ። ደግሞ መኪኖቹ ተለወጡ፣ በኮምፒውተር የሚታዩ ሆኑ። የኔ እውቀት ከሰማያዊቷ ጋር አብሮ አረጀ። እናቴ አረፈች። ወንድሜ አግብቶ ወጣ። እኔ አላገባሁም። እጄ ንጹሕ ነበር፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የሚያየው ሰው አልመጣም እንጂ።

ከዚያ ካዛንቺስ መፍረስ ጀመረች። ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ፤ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። አባቴ ጆሮው ባይደክምም እግሩ ደክሟል። ሰማያዊቷ አራት ዓመት ሳትነቃነቅ ቆማለች።

ዕቃ በተጫነበት ቀን አባቴ ባዶው ግቢ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መቋሚያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። አሮጌ ዕቃ የሚገዙት ቁራሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ወንድሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሰንጋ ተራ ካለው የጋራዡ ቢሮ መጥቷል።

«አባዬ፣ በቃ እኮ ብረት ናት። ለነሱ እንስጣት።»

«በራሷ እግር ከዚህ ትውጣ» አለ አባቴ። «ከወጣች በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

«አንድ ሰዓት ስጡኝ» አልኩ።

ከጭነት መኪናው ባትሪ ተዋስኩ። የቆየውን ቤንዚን አፍስሼ አዲስ ቀዳሁላት፤ የሚያንጠባጥበውን በሳሙና ደፈንኩ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አጸዳሁ። ክዳኑን አንስቼ ነሐሶቹን በክብሪት ቀፎ ፈተግሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እጄ ግን የአሥራ ስድስት ዓመቴን ቀን አልረሳም። ወንድሜ ክንፏ ላይ ተደግፎ ስልክ ያወራል። ቁልፉን ሳዞር ሁለቴ እምቢ አለች። በሦስተኛው ግቢውን በጭስ ሞልታ ተነሳች።

አባቴ መቋሚያውን ይዞ ብድግ አለ። ሰው ሳይደግፈው የቆመው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንባው ወረደ። እኔም፣ መሪውን እንደያዝኩ፣ እስከ ክርኔ ጠቁሬ፣ አለቀስኩ። ዛሬ ይላታል ብዬ አሰብኩ። ዛሬ የሚሰማው የሰፈር አፍም የለ፤ ሰፈሩ ራሱ እየሄደ ነው።

ጡረተኛው ወታደር ዕቃቸውን ጥለው ድምፁን ተከትለው እየሮጡ ገቡ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ያው ነው።

«አንተ ሰውዬ! ማን አስነሳት?»

«ልጄ አስነሳት!» አለ አባቴ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወደ ነጩ ሸሚዝ እያየ።

ወታደሩ ሄደው የወንድሜን ጀርባ መቱት። «ኧረ እኔ...» አለ ወንድሜ፤ ሳቃቸው ዋጠው፣ እሱም ተወው።

ቁልፉን መለስኩት። ጸጥ አለ። ወረድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ክዳኑን አንስቼ ልቧን ነቀልኳትና ኪሴ ከተትኳት። ኮፈኑን ዘጋሁ። ማንም ምን እንደማደርግ አልገባውም፤ የሠራሁትን የማየት ልማድ የላቸውማ። ሄጄ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ።

«ምነው አጠፋሻት? እንውጣ እንጂ!» አለ ወንድሜ። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። አጓራች። ደጋግሞ አዞረ። አጓራች እንጂ አልተነሳችም። አባቴ ሲሰማ ቆየ። መቋሚያ አላስፈለገውም፤ ያን ድምፅ ያስተማረን እሱ ነው። ቀስ ብሎ ዞረና በጋቢናው መስታወት አየኝ። እኔም አየሁት። «ስጪ» ሊለኝ ይችል ነበር፤ እሰጠው ነበር መሰለኝ። አላለም። ተቀመጠ። ቁራሌዎቹ ሰማያዊቷን በገመድ ጎትተው ሲያወጧት ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ቀዩ ቀለም አዞረ።

ከዚያ በኋላ ስለሷ ከኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም። በአራተኛው ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጥለታለሁ። ያቺ ጥቁር ፕላስቲክ ከማንኪያዎቹ ጋር በኩሽናው መሳቢያ ውስጥ ናት። ብዙ ጊዜ አውጥቼ ወደ ክፍሉ በር ድረስ ይዣት ሄጃለሁ። ምን ብዬ እንደምሰጠው ስለማላውቅ እመለሳለሁ።

ሕመሙ የጠናበት ሰሞን ወታደሩ ሊጠይቁት መጡ። ደረጃው አድክሟቸው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። እኔ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቅሁ ነበር፤ የዚህ ቤት ግድግዳ ድምፅ አይይዝም።

«መኪናዋስ?» አሉት። «ያን ቀን ተነስታ አልነበር እንዴ? ምን አገኛት?»

አባቴ የተኛ መሰለኝ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እያንዳንዷን ፊደል እያሰማ፦

«ልጄ አጠፋቻት» አለ።

«ልጅህ? ሴቷ?»

«አዎ። እሷ።»

ውሃውን ዘጋሁ። እጄን በፎጣ ጠርጌ ሻዩን ይዤ ገባሁ። ወታደሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ መኪና ጠይቀውኝ አያውቁም።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።